ወርቅ ሲበዛ ጌሙ ሰለቸ

ዛሬ ታናሽ ወንድሜን አስቀምጬ የምሠራውን ጌም አስሞከርኩት። እንግሊዝ አገር፣ እርሻ ላይ፣ ብረት መፈለጊያ ይዘህ ትዞራለህ፤ ሲጮህ ትቆፍራለህ። በቃ። ደስ እንዲለው በየጉድጓዱ ወርቅ ቀብሬለት ነበር። አስር ደቂቃ ሳይሞላ «ሰለቸኝ» ብሎ ስልኩን አነሳ። ክው አልኩ።

ከሰዓት ሌላ ነገር ሞከርኩ። እውነተኛው መሣሪያ ጫፉ ላይ የሽቦ ጥቅል አለው። ጥቅሉ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ የተቀበረው ብረት መልስ ሲሰጥ ይጮኻል። ችግሩ፣ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የጣሳ መጠጥ ተስቦ የሚከፈትበት ቁራጭ ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ። ቆሻሻውን ዝም ላሰኘው ካልክ ወርቁም አብሮ ዝም ይላል። ጌሙ ለካ እዚህ ጋ ነበር! ወርቁን ቀነስኩ። ቆርኪ፣ ሚስማርና ፎይል በተንኩበት።

ወንድሜ አስራ አንድ ቆርኪ ቆፈረ። ተራገመ። ደግሞ ቆፈረ። አንዲት የሮማውያን ሳንቲም ስትወጣለት ከወንበሩ ዘለለ።

በ2009 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስታፎርድሺር ውስጥ አንድ ሰው እንዲሁ ሲዞር የአንግሎ ሳክሰን (የጥንት እንግሊዞች) ወርቅና ብር አገኘ፤ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገመተ። ገንዘቡን ግን ከባለመሬቱ ጋር ነው የተካፈለው። እኔም ጌሙ ውስጥ ገበሬውን ማስፈቀድ ግዴታ አደረግኩ።

ወንድሜ አሁን አጥሩን የሚያዘልለው በተን የቱ እንደሆነ እየጠየቀኝ ነው።