ሦስት ዙር

እሑድ ማታ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ፣ አሁንም ግራሶ ግራሶ ይሸታል። እማዬ እራት ላይ «አንተ በማንኪያ ብላ» አለችኝ። እንጀራ በማንኪያ!

ዛሬ የሞተሬን የኋላ ሾክ አብዞርበር ፕሪሎድ፣ ማለትም ሞላው ሰው ሳይጫንበት አስቀድሞ የሚጨመቅበትን ልክ፣ አስተካከልኩ። አስተካከልኩ ስል አንዲት ቀለበት ሦስት ዙር አላላሁ ማለት ነው። ሥራው ራሱ አርባ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ዓመት ከምናምን ፈጅቶብኛል።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ ለጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ላይ ምንም አይሰማም። ወደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ስታጠፍ ነው ጉዱ። የኋላ ጎማው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ለወገቤ ሪፖርት ያደርጋል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፍሬን ጠበቅ ሳደርግ ኋላዬ ቅልል ይላል። ጎማው አስፋልቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ ጋ ስደርስ ነፍሴ ውልቅ ልትል ነበር።

ሞተሩ ስላረጀ ነው ብዬ ተውኩት። ሾኩ አልቋል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። የአዲስ ሾክ ዋጋ ጠይቄም አውቃለሁ። ስለ ዋጋው ባንነጋገር ይሻላል።

ለካ ጥፋቱ የእህቴ ኖሯል። ማለቴ፣ የእኔ።

እህቴ ስድስት ኪሎ ስትማር ጠዋትም ማታም የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰው ሲጫንበት የሞተሩ ኋላ ቁጢጥ ይላል፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ይነሳል። ማታ ማታ መብራቴ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ የታክሲ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «አውርደው እንጂ! አውሮፕላን ልታሳርፍ ነው?» ያለኝን አልረሳውም። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ አጎነበሰና በሞላው አናት ላይ ያለችው የቀለበት ዳዶ ጥርስ ላይ ካቻቢቴ ደግፎ በመዶሻ ኳ! ኳ! አደረጋት። ዓይኔ እያየ ጥርሷ ተላጠ። «ጠንከር አድርጌልሃለሁ» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

አልፈርድበትም። ጋራዡ የለመደው ትንንሾቹን ባለ ሁለት ሾክ ሞተሮች ነው። በእነሱ ላይ ቀለበቷ እንደ ደረጃ የተቆረጠች ናት። ሁለቱንም ጎን እኩል ደረጃ ላይ እስካስቀመጥክ ድረስ ብዙ አትሳሳትም። የእኔ መሃል ላይ አንድ ሾክ ብቻ ነው ያለው፣ ጥርስ የተጠረበበት ረጅም ብሎን ይመስላል። ሁለት ቀለበት አለው። አንዷ ሞላውን ትጫናለች፣ ሌላዋ እንዳትፈታ ቆልፋ ትይዛታለች።

ከዚያ እህቴ ተመረቀች። ሥራ ያዘች። አሁን ጠዋት በመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ ነው የምትሄደው። ከኋላዬ ወረደች፣ ቀለበቷ ግን እንደተጠበቀች ቀረች።

ያሳሳተኝ «ጠንከር» የሚለው ቃል ነው። ሞላው በቀለበት የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። አይጠነክርም። የእኔ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 9 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። ብታጠብቀውም 9 ኪሎ፣ ብታላላውም 9 ኪሎ። ነገሩ የገባኝ ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ፣ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ጋ ነው። ከነሄልሜቴና ከነጃኬቴ ስንት እንደምመዝን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ልጁ መርፌዋ ዜሮ ላይ አለመቆሟን አየና ከሚዛኑ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቱ ዞር አደረጋት። መርፌዋ ተመለሰች። ሚዛኑ አልጠነከረም፣ አልለሰለሰም። መነሻው ነው የተቀየረው። ቆሜ ቀረሁ። ልጁ «ውጣ እንጂ፣ አትፍራ» አለኝ። 78 ኪሎ።

ፕሪሎድም ይቺው የሚዛኑ ጎማ ናት። ሞተሩ በአንተ ክብደት የት ላይ እንደሚቀመጥ ትወስናለች። የእኔ የኋላ ጎማ ከላይ እስከ ታች 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። መንገድ ላይ ለሚነዳ ስፖርት ሞተር ነጂው ከነልብሱ ሲቀመጥ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ባዶውን ሲቆም ከ5 እስከ 10። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋው ከዚህ ዝቅታ ነው። ዝቅታ ከሌለው ምኑን ይዘረጋል? ይንጠለጠላል።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ ልኬት ጀመርን። ሦስት ሰው ይፈልጋል። እህቴ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ መጣች። የግቢያችንን ዘበኛ ለመንኳቸው። መጀመሪያ ጎማው መሬት መልቀቅ አለበት። የኋላ ጎማውን ከሚይዘው ክንድ ሥር የሚገባው ማቆሚያ ለዚህ አይሆንም፣ ክብደቱ ያው ሞላው ላይ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሞተሩን በጎን እግሩ ላይ ወደ ራሳቸው ጋደም አድርገው ሳቡት፣ ጎማው ብድግ አለ። «ቶሎ በሉ፣ ከባድ ነው!» ይላሉ። እህቴ ከጎማው ዘንግ መሃል እስከ ጭራው ላይ እስከለጠፍኳት ፕላስተር ለካች። 560።

ሞተሩ ባዶውን በሁለት ጎማው ሲቆም፣ 559። አንድ ሚሊ ሜትር! ደግማ እንድትለካ አደረግኳት፣ ያው ነው። ሄልሜቴን አድርጌ ወጣሁበት። ጋሼ ከፊት መሪውን ያዙልኝ። 540። ሃያ ብቻ። ዓመት ሙሉ እግሩን ገትሮ የቆመ ሞተር ላይ ነበር የምቀመጠው።

ከመፍታቴ በፊት የነበረችበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። እህቴ ገብታ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አመጣች። ቀለበቷ ላይ ነጥብ፣ ሾኩ አካል ላይ ነጥብ። በእውነት ከእኔ የተሻለ እጅ አላት። ጥርሱን በብሩሽና በናፍጣ አጸዳሁ፣ አሸዋ ካለበት ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ካቻቢቴም መዶሻም የለም፣ መንጠቆ ያለው መፍቻ ተውሻለሁ። ቦታው ጠባብ ነው። መፍቻው አንድ ስድስተኛ ዙር ዞሮ ክንዱ ጋ ይጋጫል። ታወጣዋለህ፣ መልሰህ ታስገባዋለህ። የመሃል ጣቴ ቆዳ እዚያው ቀርቷል።

ቀለበቷ አንድ ዙር ስትዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች፣ ጎማው ላይ ግን እጥፉ ነው የሚመጣው። ሦስት ዙር። እንደገና ለካን። ባዶውን 550፣ እኔ ስቀመጥ 530። አሥርና ሠላሳ። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ልክ ከመጡ ሞላው ራሱ ለክብደትህ ይሆናል ማለት ነው። አዲስ ሾክ ልገዛ የነበርኩት ሰውዬ!

እህቴ ሜትሩን እየጠቀለለች «እና እኔ ሦስት ዙር ብቻ ነኝ?» አለች። ደስ ብሏታል። እውነቱን ለመናገር እሷን ለመሸከም ሰባት ዙር ያስፈልግ ነበር። መካኒኩ በግምት ነው የመታው። ይህን አልነገርኳትም።

ቆላፊዋን አጠበቅኩ። ኋላው ዝቅ ሲል የሰንሰለቱ ልልነት ስለሚቀየር እሱንም አየሁ፣ ደህና ነው። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለት ነገር አንድ ቀን ከነካህ የቱ እንደረዳህ አታውቅም።

አመሻሽ ላይ ወጣሁ። ኮብልስቶኑ ኮብልስቶን ነው፣ ምንጣፍ አልሆነም። ግን ወገቤ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚቀበለው አለ። ቸርችልን ስወርድ ፍሬን ያዝኩ፣ ኋላዬ ቦታው ላይ ቆየ። አደባባዩ ላይ ለመታጠፍ ትንሽ ገፋ ማድረግ ጠየቀኝ፣ ድሮ በሐሳብ ነበር የሚታጠፈው። ይሁን። ለገሃር አንበሳው ጋ ዞሬ ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ያለ ምንም ጉዳይ።

ስመለስ እህቴ በር ላይ ናት። «ቅዳሜ ሜክሲኮ ታደርሰኛለህ? ሰርቪስ የለም።»

«ቀለበቷን ላጠብቅ ነው እንግዲህ።»

«ሦስት ዙር ምን አላት?»

የጥፍር ቀለሟ አሁን መፍቻዎቹ ሳጥን ውስጥ ነው። ገና አልጠየቀችኝም።