«ባይፈቀድ ኖሮ መች ይነሳልኝ ነበር?»

ባለፈው ሐምሌ በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተደገሰ የዘመድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ድሮኑን ከአዳራሹ ጓሮ አስነሥቶ ከዛፎቹ በላይ ያዞረው ጀመር። እልልታው ጋብ ሲል ጠጋ ብዬ ፈቃድ እንዳለው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ባይፈቀድ ኖሮ መች ይነሳልኝ ነበር?» አለኝ። ልጁ እየዋሸኝ አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ሙግቱ ያስኬድ ነበር።

ሕጉ ራሱ አሻሚ አይደለም። ከዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል ባለው ክልል ውስጥ ከፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የተለየ ፈቃድ ሳይገኝ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም፣ ማለትም የእኛ ሰው ሠርጉንና ክርስትናውን በብዛት የሚደግስባቸው ሰፈሮች፣ በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ለመዝናኛ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ ቢሆንም ከዚህ ክልከላ ግን አይድንም። ልጁ ደግሞ ተከፍሎት የሚሠራ ስለሆነ ድሮኑን ማስመዝገብ፣ ራሱም ተፈትኖ የአብራሪነት ምስክር ወረቀት መያዝ ነበረበት።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጃንዋሪ 2015 መመለስ ያስፈልጋል (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አንድ የመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ያበረረው ድሮን ከቁጥጥሩ ወጥቶ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ዐቃቤ ሕግ ሰውየውን አልከሰሰውም። የድሮኑ አምራች የሆነው የቻይናው ዲጄአይ ግን በቀናት ውስጥ፣ ከዲሲ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ድሮኖቹ እንዳይነሱ የሚያግድ ሶፍትዌር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ሕጉን በዋናነት ያስከበረው ፖሊስ ሳይሆን ይህ ሶፍትዌር ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በጃንዋሪ 2025 ኩባንያው በአሜሪካ እገዳውን አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ተካው፤ አሁን ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ በጣት ነክቶ ማለፍ ይቻላል።

እገዳው ከመነሣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሎስ አንጀለሱ የፓሊሴድስ እሳት ሲነድ፣ አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ድሮን አስነሥቶ፣ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ወደ እሳቱ አበረረው። ድሮኑ ከኬቤክ ለእርዳታ የመጣ እሳት አጥፊ አውሮፕላን ክንፍ በሳ፤ አውሮፕላኑም ለቀናት ከሥራ ውጪ ሆነ። ሰውየው ጥፋቱን ሲያምን ጠበቆቹ ያነሡት ነጥብ፣ ደንበኛቸው የድሮኑን የማገጃ ሥርዓት ተማምኖ እንደነበር ነው፤ ከሠርጉ ልጅ መልስ ጋር አንድ ነው።

ዛሬ መንግሥት የሚተማመነው «ሪሞት አይዲ» በሚባለው አሠራር ነው። ድሮኑ በበረራ ላይ ሳለ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታና አብራሪው የቆመበትን ስፍራ በሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምልክቱ ሩቅ ስለማይሄድ በዚያች ሰዓት በአቅራቢያው ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል፤ የሠርግ ድሮን ደግሞ አየር ላይ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ድሮንን የማውረድ ሥልጣን የሰጠው ለጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ስለነበር፣ የሰፈሩ ፖሊስ ደርሶ ቢያየው እንኳ ማድረግ የሚችለው አብራሪውን ፈልጎ ማነጋገርና ማስረጃ መያዝ ነበር። በ2024 ሕግ የቅጣቱ ጣሪያ ለአንድ ጥፋት 75,000 ዶላር መድረሱም አጥፊው ካልተገኘ ለማንም አይደርስም። በዲሴምበር 2018 በለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ወደ 140,000 መንገደኞች ጉዟቸው ሲስተጓጎል፣ ፖሊስ ባልና ሚስት ያለ ጥፋታቸው ይዞ ኋላ ካሳ ከፈላቸው፤ ምርመራውም ማንም ሳይከሰስ ተዘጋ።

ለልጁ የክልሉን ካርታ በስልኬ ከፍቼ አሳየሁት። ሲልቨር ስፕሪንግን ክቡ ውስጥ ሲያገኛት ደነገጠና ድሮኑን ወደ ቦርሳው መለሰ። የሠርጉ ቪዲዮ በነሐሴ ደረሰን፤ የሙሽራዋ እናት እንግዳ በመጣ ቁጥር ደጋግመው የሚያስከፍቱት ከላይ የተነሳችውን ግማሽ ደቂቃ ነው።