የጅምላ ሻጩን ስልክ ስጪኝ

ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋው የአሜሪካውያን ብርድ ልብስ፣ ኩዊልት፣ ንድፉ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ እኔ ግን የምሰፋው አንዱን ብቻ ነው። ሎግ ካቢን፣ የግንድ ቤት ማለት ነው፣ ይባላል። መሃሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይቀመጣል፤ እንደ ወጉ ከሆነ ቁራጩ ቀይ ሲሆን የግንድ ቤቱን የምድጃ እሳት ያመለክታል ይባላል። ከዚያ በኋላ ቀጫጭን ጨርቆች በዙሪያው፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደፈነ፣ እንደ ግንድ ግድግዳ ይገነባሉ፤ ተጎራባች የሆኑት ሁለት ጎኖች ፈካ ካለ ጨርቅ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ጠቆር ካለ ጨርቅ ይሠራሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሦስት ማዕዘን፣ አንድም ጥምዝ የለም። እኔም ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ቀጥ ካለ መስመር በቀር ምንም ነገር ማየት አልፈልግም።

ሙያውን የተማርኩት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ይሰጥ በነበረ ትምህርት ነው። መምህራችን ዕድሜ የጠገቡ፣ መነጽራቸውን በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ፤ የስፌቱ ትራፊ ከሩብ ኢንች እንዳያልፍና ካውያ ያልነካው ስፌት ላይ ሌላ ስፌት እንዳይደረብ አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። ለጀማሪ ይቀላል ብለው ሎግ ካቢንን የመጀመሪያ ትምህርት አደረጉት። የክፍል ጓደኞቼ ወደ ኮከቡና ወደ አበባው ሲሻገሩ እኔ እንደ አንደኛ ክፍል ደጋሚ ከአዲስ ገቢዎች ጋር እዚያው ቀረሁ። የጨርቅ ነጋዴዎቹም ቢሆኑ አላገዙኝም፤ በ2.5 ኢንች ወርድ አስቀድመው ቆራርጠው፣ ጠቅልለውና በጥብጣብ አስረው የሚሸጡት ጨርቅ ለእኔ ተብሎ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር።

«ሁሌ አንድ ዓይነት» ለሚሉኝ ሰዎች መልስ አላጣም። አንዱ ብሎክ፣ ማለትም ተሰፍቶ ያለቀው አንዱ አራት ማዕዘን፣ ሲሰፋ ያው ቢሆንም፣ ሲደረደር አቅጣጫውን በማዞር ብቻ ፈካ ያለውና ጠቆር ያለው ጨርቅ ተገናኝቶ ሌላ ሥዕል ይፈጥራል፤ አንዴ ከመሃል እየሰፋ የሚሄድ ትልቅ አልማዝ፣ አንዴ የታረሰ ማሳ ትልም፣ አንዴ ደግሞ ፀሐይና ጥላ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። እርሱም እጁን አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ «ትልሙም ያው ነው፣ ፀሐዩም ያው ነው፤ አሁን የምረግጥበት ቦታ ስጪኝ» አለኝ።

በታሪክም ተከራክሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ አሜሪካውያን ያልሰለቹትን ንድፍ እኔ በምን ዕዳዬ እሰለቻለሁ? በአላባማ ወንዝ እጥፋት ውስጥ የምትገኘው የጂስ ቤንድ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም ካረጀ የሥራ ልብስ ሳይቀር ኩዊልት ሲሰፉ፣ የሎግ ካቢን የቅርብ ዘመድ የሆነውንና ሀውስቶፕ የሚሉትን ንድፍ ለትውልዶች እየደጋገሙ ሠርተውታል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር ላይ አተመው። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። አልጋው፣ ሶፋው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የቴሌቪዥኑ መሸፈኛ፣ የድስት መያዣው፣ ረከቦቱ ሥር የተነጠፈው፣ ሁሉም ሎግ ካቢን ነው። «ለእኛ ቤት የቀረን ቴምብሩ ብቻ ነው» አለ። እናቴ ደግሞ በቪዲዮ ስትደውል ከጀርባዬ ያለውን አይታ፣ «ልጄ፣ ጋቢ ላኪልኝ ብትዪኝ እልክልሽ አልነበር? ምን አጥተሽ ነው ድሪቶ የምትለብሺው?» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ።

ቤቱ ሲሞላ ወደ አራሶች ዞርኩ። በማኅበራችን ሴት በወለደች ቁጥር ሌላው ገንፎና አጥሚት ይዞ ሲሄድ እኔ የሕፃን ኩዊልት ይዤ እሄዳለሁ፤ የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ በዚያ ዓመት ተማክረው የወለዱ እስኪመስል ድረስ ተከታትለው ወለዱ። መሃሉ ቀይ፣ ዙሪያው ሰማያዊና ክሬም፣ ጠርዙ ጥቁር ሰማያዊ፤ ጨርቁን በቅናሽ በብዛት ስለገዛሁት ለሁሉም ያው ነው። እናቶቹም በፍቅር ተቀበሉኝ፤ ሕፃን ባየሁበት ሁሉ የእጄን ሥራ ማየት ለመድኩ።

እንግዲህ አንድ እሑድ የክርስትና ድግስ ተጠራን። በአዳራሹ ጥግ፣ ድምፅ ማጉያው በማይደርስበት ቦታ፣ የተኙ ሕፃናት ከነመኪና ወንበራቸው ተደርድረው ነበር፤ ሁሉም እስከ አገጫቸው በእኔ ሎግ ካቢን ተሸፍነዋል። ከመካከላቸው የአንደኛው አያት ከደብረ ማርቆስ በቅርቡ የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በኋላ እንደተረዳነው የልጅ ልጃቸውን የሚለዩት በፊቱ ሳይሆን በብርድ ልብሱ ኖሯል። ልጃቸው «አባዬ፣ ልጁን ይዘው ወደ መኪናው ይቅደሙ» ሲላቸው፣ ቀይ ነጥብ ያለበትን ወንበር አንጠልጥለው ወጡ። መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሰው ሕፃኑ ሲነጫነጭ ሽፋኑን ገለጥ አደረጉና አንዲት ትንሽ የወርቅ ሎቲ አዩ። ጩኸታቸው አዳራሹ ውስጥ ተሰማ፦ «ወንዱን ልጅ ማነው ጆሮውን የበሳው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መናገር አያስፈልግም። የሕፃኗ እናት ስትሮጥ፣ የወንዱ እናት ስትሮጥ፣ በመሃል ሌሎቹም እናቶች የየራሳቸውን ለማረጋገጥ ሲገላልጡ፣ በሰላም የተኙት ሁሉ ነቅተው በአንድ ድምፅ አለቀሱ። ሽማግሌው ግን ይቅርታ እንዲጠየቁ እንጂ እንዲጠይቁ የሚያደርግ ነገር አልታያቸውም፤ «ደንብ ልብስ አልብሳችሁ ለዩ ትላላችሁ?» ብለው ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው።

ሁከቱ በረድ ሲል አንዲት በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከሕፃናቱ የአንዱን ኩዊልት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጠርዙን ገልብጠው፣ በእጄ ማታ ማታ የሰፋሁትን ድብቅ ስፌት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈተጉት። «ይኸውልሽ፣ ይህ ዕቃ መቼም ጠንካራ ነው» አሉኝ፤ «ያመጣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። የጅምላ ሻጩን ስልክ ስጪኝ።» በእጄ የሰፋሁት መሆኑን ስነግራቸው በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። «ይሄን ሁሉ? አንድ ዓይነት አድርገሽ? ሰው በእጁ ሲሠራማ ይለያያል፤ ይሄ የማሽን ነው።» ባለቤቴ ሊያግዘኝ ሲገባው፣ «እሷ ወኪሏ ናት» ብሎ ሳህኑን ይዞ ወደ ክትፎው ሄደ።

ቃላቸው ስለከነከነኝ መምህሬ ዘንድ ሄጄ ሌላ ንድፍ እንዲያስጀምሩኝ ጠየቅኳቸው። በደስታ የመረጡልኝ በራሪ ዝይ የሚባለውን ነው፤ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ዝይዋ ናት፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሾች ደግሞ ሰማዩ ናቸው። ችግሩ ከጫፉ በላይ ሩብ ኢንች ካልተረፈ ቀጣዩ ስፌት ምንቃሯን ይበላዋል። የእኔ ዝይዎች ምንቃር ብቻ ሳይሆን አንገትም አልተረፋቸውም። መጠናቸውም አንዱ ከአንዱ ስላልገጠመ፣ ለማስተካከል ብዬ በእያንዳንዷ ዙሪያ ቀጭን ጨርቅ ሰፋሁ፤ አሁንም ስላነሰች ሌላ ዙር ጨመርኩ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በአንድ ወገን ፈካ ያለውን፣ በሌላው ጠቆር ያለውን አደረግኩ። መምህሬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ «ዝይዋ እኮ ቤት ተሠራባት» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሴትዮዋ ደወሉ። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻቸው የሚልኩት በርከት ያለ እንዲመጣላቸው፣ መቁረጫ ዋጋውንም እንድነግራቸው ፈለጉ። እኔም ጨርቁን፣ ጥጡን፣ ገበሩንና የምሽት ድካሜን አስልቼ ለአንዱ 200 ዶላር አልኳቸው። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ሁላችንም የአንድ አገር ልጆች ነን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «መሃል ገብተሽ የምታተርፊውን ተዪና ከሻጯ ጋር በቀጥታ አገናኚኝ።»