የአንድ ሌሊት መዝገብ፦ የምኖርበትን ቤት በ1881ዱ የእንግሊዝ ቆጠራ ውስጥ እንዴት እንዳገኘሁት

በሰሜን ለንደን የምኖርበት ቤት ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የቀረ፣ ከግራና ከቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ቤት ነው። በ1881 (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውስጡ እነማን ይኖሩ እንደነበር ለማወቅ ስነሣ፣ ሥራው የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ጊዜው የባከነው መዝገቡ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ከፊቴ ተዘርግቶ ሳለ ዓምዶቹን አስተውዬ ባለማንበቤ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአገር ቤት በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ቆጣሪ ሆኜ ስለሠራሁ፣ የቆጠራ ቅጽ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ተዝናንቼ ነበር።

በእንግሊዝና በዌልስ ቆጠራ የተጀመረው በ1801 ሲሆን፣ የ1881ዱ እሑድ ኤፕሪል 3 ለሰኞ አጥቢያ ባለችው አንዲት ሌሊት ላይ የተመሠረተ ነበር። ቆጣሪው አስቀድሞ ለየአባወራው ቅጽ ያድላል፤ ሰኞ ዕለት እየዞረ ይሰበስባል፤ መጻፍ ለማይችለው ራሱ ይሞላለታል፤ በመጨረሻም ሁሉን ወደ አንድ መዝገብ ይገለብጣል። ዛሬ የምናነበው ይህን ግልባጭ ነው፤ ቤተሰቦቹ የሞሏቸው ቅጾች ተወግደዋል። ስለዚህ አንድ ስም ተዛብቶ ሲገኝ ጥፋቱ የባለቤቱ ይሁን የቆጣሪው መለየት አይቻልም። በዚህ መንገድ የተቆጠረው ሕዝብ 25,974,439 ነበር።

ፋሚሊ ሰርች በተባለው ድረ ገጽ የ1881ዱ መዝገብ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ነገር ግን ፍለጋው የሚያመቸው ስም ላለው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የያዝሁት የቤት ቁጥር ብቻ ነበር። ስለዚህ ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄጄ፣ የገጾቹን ምስል በዚያው ባሉት ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አገላብጥ ጀመር። መንገዱን አገኘሁ፤ ከገጹ ግራ ጫፍ ላይ 47 የሚለውን ቁጥር ሳይ ቤቴን ያገኘሁ መስሎኝ የአንድ ጫማ ሰፊ ቤተሰብ ሙሉ ታሪክ በማስታወሻዬ ገለበጥሁ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው በግራ ጫፍ ያለው የመጀመሪያው ዓምድ የቅጽ ተራ ቁጥር እንጂ የቤት ቁጥር አለመሆኑን የተረዳሁት፤ የቤቱ ቁጥር የሚጻፈው ከእሱ ቀጥሎ፣ ከመንገዱ ስም ጋር ነው።

ትክክለኛውን ቤት ለማግኘትም ቢሆን የዛሬው ቁጥር አልበቃኝም፤ ለንደን ውስጥ በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ብዙ መንገዶች ስማቸውም ቁጥራቸውም ተቀይሯልና። የረዳኝ በየመዝገቡ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው፣ ቆጣሪው የተመደበለትን አካባቢ ወሰን የሚገልጸው ገጽ ነው። እሱን ኦርድናንስ ሰርቬይ ከተባለው የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ተቋም አሮጌ ካርታ ጋር አስተያይቼ፣ ዛሬም በቦታው ያለውን የማዕዘን መጠጥ ቤት ከመዝገቡ አገኘሁና ከዚያ ተነሥቼ ቤት ቆጠርሁ። አሁን ለሚጀምር ሰው ይህን ገጽ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያነብ እመክራለሁ፤ እኔ እንደ ሽፋን ቆጥሬ አልፌው ነበር።

በቤቴ ውስጥ 14 ሰዎች ተመዝግበዋል። አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ይህም ስሕተት ነበር። ቆጣሪው አንዱ ቤት አልቆ ሌላው ሲጀምር ሁለት እዝባር፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ቤተሰብ አልቆ ሌላው ሲጀምር ደግሞ አንድ እዝባር ያሰምራል፤ በእኔ ቤት ስሞች መካከል ሁለት ቦታ ላይ ነጠላ እዝባር አለ። ስለዚህ ሦስት ቤተሰቦች ናቸው፤ የአንድ አናጢ፣ የአንዲት ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢ፣ እና የአንድ ጋሪ ነጂ። ከአጣቢዋ ጋር አንድ ደባል ተጽፏል። ማዕድ የሚጋራውንና ክፍል ብቻ የሚከራየውን ደባል መዝገቡ በተለያየ ቃል ይጠራቸዋል፤ ሆኖም ቆጣሪዎቹ ሁልጊዜ አልለዩአቸውም።

ለእያንዳንዱ ሰው የተመዘገበው ስም፣ ከቤተሰቡ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ ነው። ጾታን የሚጠይቅ ዓምድ የለም፤ ዕድሜው ለወንድ በአንዱ፣ ለሴት በሌላው ዓምድ ስለሚጻፍ ጾታው የሚታወቀው ከዚያ ነው። የመጨረሻው ዓምድ መስማትና መናገር የማይችለውን፣ ዓይነ ስውሩንና የአእምሮ ሕመምተኛውን በዘመኑ ሻካራ ቃላት ይጠይቃል፤ ወላጅ በልጁ ላይ ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደሚያመነታ ቆጣሪ የነበረ ሰው አይጠፋውም። በአናጢው ሚስት አንጻር የሥራው ዓምድ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን ግን ሥራ አልነበራትም ብዬ አላነበብሁትም፤ ያገቡ ሴቶች ቤት ሆነው ለገንዘብ የሚሠሩት ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀር ነበርና።

አጣቢዋ በ1881 ዕድሜዋ 38 ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ቤት በ1891 ሳገኛት 44 ሆናለች። ሳቄ መጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ዕድሜያቸውን የጠየቅኋቸው አንዲት እናት «ስልሳም ይሁን ሰባ፣ አንተው የመሰለህን ጻፍ ልጄ» ያሉኝን አስታወስሁ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ መዝገብ ላይ ሰው ስፈልግ ለዕድሜ ወደ ላይም ወደ ታችም አምስት ዓመት እተዋለሁ።

መዝገቡ በዚያች ሌሊት የነበሩትን ብቻ እንደሚያውቅ አስቀድሜ ብገነዘብ ኖሮ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ስም ስፈልግ አንድ ቀን ባላጠፋሁ ነበር፤ ልዑሉ በ1879 ሊድስ ላይ አርፏል።

ስለ ቤቱ ራሱ የ1881ዱ መዝገብ የሚናገረው ጥቂት ነው፦ ሰው ይኖርበታል፣ ባዶ ነው፣ ወይም እየተሠራ ነው። 14 ሰዎች በስንት ክፍል ይተኙ እንደነበር ስላልተጠየቀ ለመገመት ብቻ ተገደድሁ። በ1891 ግን አንድ ቤተሰብ የያዘው ክፍል ከአምስት በታች ከሆነ ቁጥሩ እንዲጻፍ ተደረገ፤ በዚያ ዓመት አጣቢዋ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሌላ ቤተሰብ ሦስት፣ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ደግሞ አንድ ክፍል ይዘዋል። ድምሩ ስድስት ነው፤ የዛሬውን ቤት ስቆጥርም ስድስት አገኘሁ። ይህን የምጽፍበት የላይኛው ክፍል የአጣቢዋ ይሁን የሽማግሌው ግን አላውቅም፤ ፎቁን የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረምና።