በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ?

በሳይክል ረጅም የገጠር ጉዞ እወዳለሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ቁጥሩን ብነግራችሁ ግን ምንም አይጠቅማችሁም። እቃ የጫነ ሳይክል ይዛችሁ ሜዳ ላይ ነፋስ ከኋላ ሲገፋችሁ 100 ኪሎ ሜትር ሳታስቡት ያልቃል፣ በማግስቱ ያው እግር ያው ሳይክል ሆኖ ዳገትና የፊት ነፋስ ሲገጥማችሁ ግን 50ውም ይበዛባችኋል። እኔ ካርታ ላይ መጀመሪያ የማየው ርቀቱን ሳይሆን ዳገቱን ነው፣ መንገዱ በድምሩ ስንት ሜትር ሽቅብ ያስወጣኛል የሚለውን። ቁልቁለት አለ ብላችሁ ደሞ አትጽናኑ፣ ሁለት ሰአት ለፍታችሁ የወጣችሁት በሀያ ደቂቃ ነው የሚያልቀው። ሻንጣ ተጭኖ 1000 ሜትር የሚያስወጣ 60 ኪሎ ሜትር ለኔ ሙሉ ቀን ነው፣ ከዛ በላይ አላቅድም።

ነፋስን ደሞ ያልነዳበት ሰው አያውቀውም። ዳገት ቢያንስ ጫፍ አለው፣ የፊት ነፋስ ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃችኋል። ነገሩ የፊዚክስ ነው፣ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ እሱን ለማሸነፍ እግራችሁ የሚያወጣው ጉልበት ደሞ ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ነፋስ እየመታችሁ የትናንቱን ፍጥነት ልያዝ ማለት ጉልበትን መበተን ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ጎንበስ በሉ፣ ክርናችሁን ሰብስቡ፣ ፍጥነቱን እርሱት። ሁለት ሶስት ከሆናችሁ አንዱ ካንዱ ጀርባ ተጠግታችሁ እየተፈራረቃችሁ ንዱ፣ ከኋላ ያለው በጣም ይቀለዋል። ብዙ ቦታ ፀሀይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው ነፋሱ የሚበረታው፣ ለዚህ ነው ጎህ ሲቀድ ተነሱ የምለው። ጠዋት የተነዳ ኪሎ ሜትርና ከሰአት የተነዳ ኪሎ ሜትር በፍጹም አንድ አይደሉም።

ምግብ ሳይርባችሁ ብሉ፣ ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ጠንከር ብሎ ለሚነዳ ሰው ሁለት ሰአት ገደማ ቢያቆየው ነው፣ ሲያልቅ ምልክቱ ረሃብ ላይሆን ይችላል፣ ዝም ብሎ እግር ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አብሯችሁ ያለው ሰው ያለምክንያት ያናድዳችኋል። አብሮ የሚነዳ ጓደኛ በትንሽ ነገር መቆጣት ሲጀምር ተከራክራችሁ አትመልሱለት፣ አቁማችሁ አብሉት።

ጎማ የግድ ይተነፍሳል። ብዙ ሰው ከመነዳሪውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጡን ጎማ፣ ለጥፎ መልሶ ይከትና አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይተነፍስበታል፣ እሾሁ የውጪው ጎማ ውስጥ ተሰክቶ ስለቀረ ነው። ከመነዳሪውን ትንሽ ነፍታችሁ ጆሯችሁ ስር አድርጋችሁ አዳምጡት፣ የሚነፍስበትን ቦታ ስታገኙ ከጎማው ጋር አስተያዩት፣ ከዛ ጣታችሁን በጎማው ውስጠኛ ክፍል ቀስ አድርጋችሁ ዙሪያውን አስኪዱት። ቀስ ያልኩት እጅ ስለሚቆርጥ ነው። አንዳንዴ ለአይን የማትታይ ቀጭን ሽቦ ናት፣ በጣት ብቻ ነው የምትገኘው። ራጂ፣ ማለትም የጎማውን መሀልና ዙሪያ የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ፣ ደሞ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ጎማ ላይ በካቴናው በኩል ነው፣ ክብደቱም የፔዳሉም ኃይል እዛ ስለሚያርፍ፣ ስለዚህ በልኩ ሁለት ሶስት መለዋወጫ ያዙና ሻንጣውን በሙሉ ኋላ አትከምሩት፣ ወደፊት ከፈል አድርጉት፣ ዝቅም ይበል።

ይሄ ሁሉ ዝግጅት ሲበዛብኝ ቶማስ ስቲቨንስን አስባለሁ። ሰውየው በፈረንጆች 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ የፊቱ ጎማ ግዙፍ የኋላው ትንሽ በሆነ በዛ የድሮ ሳይክል አሜሪካን አቋርጦ፣ ከዛ አውሮፓና እስያን አልፎ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ገባ። ማርሽ የለ፣ ደንሎፕ የሚባለው ሰው በአየር የሚነፋውን ጎማ ያመጣው በ1888 ስለሆነ እሱ የነዳው በደረቅ ጎማ ነው። ዴርቭላ መርፊም አለች፣ አየርላንዳዊት፣ በአስረኛ አመት ልደቷ ሳይክልና አትላስ ተሰጥቷት ህንድ ድረስ እነዳለሁ ብላ ወሰነች፣ በ1963 በዛ ከባድ የአውሮፓ ክረምት ብቻዋን ተነስታ ህንድ ገባች። ሁለቱም ፈጣን ስለሆኑ አይደለም የደረሱት፣ በየቀኑ ስለተነሱ ነው።

ደሞ ቀስ ብሎ መሄድ ራሱ ነው ጥቅሙ። በሰአት 15 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የታጨደ ሳር ይሸታችኋል፣ ወንዙን ሳታዩት ትሰሙታላችሁ፣ እርሻ ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ሰላም ሲላችሁ መልሳችሁ ለማለት ጊዜ አላችሁ። መኪና ውስጥ ይሄ ሁሉ መስታወት ላይ ያልፋል። (ውሻ ካባረራችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ፣ የሚሮጥ ነገር ነው የሚያጓጓው። ውረዱና ሳይክሉን በመሀላችሁ አቁማችሁ በእግር ተራመዱ፣ ብዙዎቹ ይተዋችኋል።)

አንድ ጊዜ እኩለ ቀን ሳይሆን ከባድ ዝናብ ያዘንና አንድ ገበሬ ከበረቱ ጥግ አስጠለለን። ጓደኛዬ የቀኑ እቅድ ተበላሸ ብሎ ተበሳጭቶ ነበር። ሰውየው የት እንደምንሄድ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ በዋናው መንገድ ያለው ዳገት በሳይክል አይሆንም፣ ወንዙን ይዞ የሚሄድ የጋሪ መንገድ አለ፣ ከድልድዩ በፊት ወደ ግራ ታጠፉ አለን። ስልካችን ላይ ያለው ካርታ አያሳየውም። እዛው አድረን ጠዋት በዛ መንገድ ሄድን፣ ጭቃ ነበረው፣ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን፣ ዳገቱ ግን ሙሉ በሙሉ ቀረልን።