ዲስኩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ለገጣፎ ወደሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት የተጠራሁት «ማከማቻው ተቃጥሏል፣ ፋይሎቹ የሉም» ተብዬ ነበር። የቤቱ ባለቤት በጡረታ ላይ ያሉ የቅየሳ ባለሙያ ሲሆኑ፣ የሥራ ዘመናቸውን ካርታዎችና የቤተሰቡን ፎቶዎች የሚያኖሩት ከራውተሩ ጎን በተቀመጠ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በያዘ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ነው። ችግሩ የታየው መብራት ደጋግሞ በጠፋበት ሳምንት ስለነበር ጥፋቱ የመብራቱ እንደሆነ ሁሉም አምኗል፤ በዚያው ሳምንት አሮጌው ላፕቶፕ በአዲስ መተካቱን ግን ከጉዳዩ ጋር ያያያዘው አልነበረም።

ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ አንዱን ዲስክ አውጥቶ በዩኤስቢ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ሲያገናኘው፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ፣ ማለትም ተጠርጎ እንደ አዲስ መዘጋጀት፣ እንዳለበት የሚገልጽ መልእክት አወጣ። እርሱም ይህን የብልሽት ማረጋገጫ አድርጎ ወስዶ ፎርማት እንዲደረግ መከረ። እንዲህ ያሉ ማከማቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ በተባለው ከዊንዶውስ የተለየ ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ በመሆናቸው ዲስኮቻቸው የሚዘጋጁት እንደ ኢኤክስቲ4 ባሉ የፋይል ሥርዓቶች (ፋይሎች ዲስክ ላይ በሚደረደሩባቸው ስልቶች) ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ይህን በራሱ ማንበብ ስለማይችል ጤነኛውን ዲስክ እንኳ ፎርማት ይደረግ ሊል ይችላል። ይህን ባለማወቅ «እሺ» የሚለውን መጫን የአንድ ቤተሰብን የዓመታት ማስታወሻ ሊያሳጣ ይችላልና፣ ነገሩ ዛሬም ያሳስበኛል። ደግነቱ የቤቱ እመቤት «የልጆቼ ፎቶ ሳይወጣ ማንም ምንም አይነካም» ብለው ከልክለው ነበር።

ማከማቻው ሳይበራ ዲስኩን ወደ ቦታው መልሼ አበራሁት። በራውተሩ ገጽ ላይ ከተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር የማከማቻውን አድራሻ አግኝቼ ፒንግ ሳደርገው (በኔትወርኩ «አለህ?» ብዬ ስጠይቀው) መለሰ፤ በብራውዘር የከፈትሁት የመቆጣጠሪያ ገጹም ሁለቱም ዲስኮች ደኅና መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ሴት ልጃቸው በስልኳ የፋይል መተግበሪያ ፎልደሩን እንድትከፍት ጠየቅኋት፤ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። በዚህ ጊዜ ዲስኩም፣ ኬብሉም፣ ራውተሩም ነጻ ወጡ፤ የቀረው ተጠርጣሪ ላፕቶፑ ብቻ ነበር።

በላፕቶፑ ላይ አድራሻውን ስጽፍ የወጣው መልእክት፣ የድርጅቱ የደኅንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ እንደሚከለክል ይናገራል። ጋሼ ደንግጠው «ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የምን ድርጅት ነው? ሰው ገብቶበት ይሆን?» አሉኝ። እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ፎልደሩ ከመጀመሪያው ያለ ፓስወርድ ክፍት ተደርጎ ስለነበር አሮጌው ላፕቶፕ በእንግድነት ይገባ ነበር፤ አዲሱ ላፕቶፕ የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ሥሪት ግን እንዲህ ያለውን መግቢያ ማንም ሳያዝዘው ከመነሻው ይዘጋል።

በስልክ ያማከሯቸው ዘመድ መከልከያውን ከላፕቶፑ ላይ እንዳነሳ ጠይቀውኝ ነበር፤ አልተስማማሁም። መከልከያው የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ ማንነቱን የማያስመሰክር ሰርቨር ራሱን ማከማቻው አስመስሎ ሊቀርብ ይችላልና። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኋቸው፤ ቀጥሎ የማከማቻውን ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያሠራውን ውስጣዊ ሶፍትዌር) አዘምኜ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ዩዘርና ፓስወርድ ፈጠርሁ። ዊንዶውስ በኔትወርክ ፋይል የሚጋራበት ደንብ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ማከማቻው ላይ ሳይዘጋ የቆየውን የዚህን ደንብ የመጀመሪያ ሥሪትም ዘጋሁት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በዚሁ በር ነበር። ላፕቶፑ በአዲሱ ዩዘር ያለ ምንም ችግር ገባ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ራውተሩ ተነሥቶ ሲበራ ለማከማቻው ሌላ አድራሻ እንዳይሰጠው ቁጥሩን በራውተሩ ላይ አስያዝሁ፤ ሁለቱም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ በሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ እንዲሠሩ አደረግሁ። ጋሼ ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ቅጂ ስለሆኑ ሌላ መጠባበቂያ አያስፈልግም ብለው ያስቡ ነበር፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ የገለበጥሁበትን ዲስክ ከቤት ውጭ እንዲያስቀምጡና በየወሩ እንዲያድሱት ነገርኋቸው። ሴት ልጃቸው ኃላፊነቱን ወሰደች፤ አገለባበጡንም ከመሄዴ በፊት ራሷ ሠርታ አሳየችኝ።