ሰዓት ያለው ረሃብ

ክብደት ለመቀነስ ያደረግሁት የመጀመሪያው ሙከራዬ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ቁርስ አልበላም፤ ምሳ ላይ አንድ ብርቱካን ልጬ እውላለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ በየዳቦ ቤቱ በር ላይ እግሬ ይያዛል። በዘጠነኛው ቀን ማታ ወጡ እስኪሞቅ እንኳን አልጠበቅሁም፤ ከመሶቡ አጠገብ እንደቆምሁ ሁለት እንጀራ በአዋዜ በላሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ያን ጊዜ ክብደቴ 89 ኪሎ ነበር። የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን የነገረችኝ የጤና ባለሙያ ክብደት እንድቀንስ መከረችኝ፤ ረሃቡን እንዴት እንደምችለው ግን አልተነጋገርንም።

ያንገበገበኝ ነገር ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እጾማለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት መዋል አዲሴ አይደለም። ታዲያ በጾም የምችለውን ረሃብ ለጤናዬ ስል ለምን አቃተኝ? ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጾም የውፍረት መድኃኒት አይደለም፤ ሁለቱን አትቀላቅዪ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «በጾም ጊዜ ግን ሰዓቱን ታውቂዋለሽ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ትበያለሽ። አሁን መቼ እንደምትበዪ ራስሽስ ታውቂያለሽ?» አሉ።

አላውቅም ነበር። እስከቻልሁ ድረስ ላለመብላት ነበር የምታገለው፤ መጨረሻ የሌለው ረሃብ ደግሞ ማንንም ይጥላል። ስለዚህ ሰዓት ቆረጥሁ፦ ቁርስ 1 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ 10 ሰዓት ላይ አንድ ሲኒ ቆሎ፣ እራት ማታ 1 ሰዓት። የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅስ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ሲሆን መብላት በለመድንበት ሰዓት ላይ ከፍ ይላል፤ ባንበላም ቆይቶ ይወርዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ረሃብ ሲመጣ አልደነገጥሁም። ሁለት ሳምንት ያህል ከታገሥሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያሳድደኝ የነበረው ረሃብ በሰዓቱ ብቻ መምጣት ጀመረ።

ሰዓቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በጾም ቀን ትንሽ የምበላ ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሽሮዬ ዘይት ላይ ይንሳፈፍ ነበር። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ገደማ። ከጠርሙሱ ማንቆርቆሬን ትቼ ለቤተሰቡ በሙሉ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለካሁ። ሽንኩርቱን በደንብ አብስዬ በውኃ ስለማቁላላው ባለቤቴ ልዩነቱን የተረዳው ከወር በኋላ ነው። እንጀራውን በግማሽ ቀነስሁ፤ የቀነስሁትን ቦታ ግን ባዶ አልተውሁትም። ጎመን ከመርሁበት፤ ምስር ወይም የባቄላ ወጥ ጨመርሁበት፤ በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም አይብ። ፕሮቲንና አሠር (ፋይበር) ያለው ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ቁርሴን ከነጭ ዳቦና ከሻይ ወደ እንቁላል በቀየርሁበት ሳምንት ቢሮ ውስጥ በ4 ሰዓት የሚይዘኝ መንቀጥቀጥ ቀረ። ደግሞም ቀስ ብዬ መብላት ተማርሁ፤ የጥጋብ ስሜት ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በስምንት ደቂቃ ገበታ የማነሣ ሰው ነበርሁ።

የአብሽ ውኃ አንድ ወር ሙሉ በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ለእኔ ምንም የለወጠው ነገር የለም፤ ተውሁት።

የጣፋጭ አምሮቴ ደግሞ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ፊት በተቀመጥሁ ማግስት ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ያምረኛል። ከ4 ሰዓት በፊት መተኛት ከጀመርሁ ወዲህ ያ ተወኝ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ቤት ከመሮጥ የፋሲል ግቢን ዙሪያ እሄዳለሁ፤ አጥሩ 900 ሜትር ያህል ነው። ሁለቴ ዞሬ ስጨርስ በዳቦ ቤቱ በር በሰላም አልፋለሁ።

በጥምቀት ሰሞን ቤቴ በእንግዳ ተሞላ፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨመርሁ። ድሮ ቢሆን ተስፋ ቆርጬ ሁሉንም እተወው ነበር። ያን ጊዜ ግን እንግዶቹን በሸኘሁ ማግስት በ1 ሰዓት ተኩል ቁርሴን በላሁ፤ በቃ።

ከሁሉ የከበደኝ የራሴ ሆድ ሳይሆን የሰው ፍቅር ነው። ጎረቤቴ እትዬ ቡና ሲያፈሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት ማንኪያ ስኳር፤ ላዩ ላይ ዳቦ፤ ከዚያም «በሞቴ!» እምቢ ስል ያዝናሉ፤ ሰበብ ስፈጥር ደግሞ እኔ አፍራለሁ። አንድ ቀን እጃቸውን ይዤ እውነቱን ነገርኋቸው። «እትዬ፣ ደም ግፊት ይዞኛል። ልጆቼን ማሳደግ እፈልጋለሁ» አልኋቸው። ምንም አልመለሱልኝም፤ ዳቦውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ተቀየሙኝ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ዛሬ 77 ኪሎ ነኝ። ግፊቴም ወርዷል። እትዬ አሁንም ቡና ይጠሩኛል። ሳልቀመጥ በፊት አንድ ሰሃን የሽምብራ ንፍሮ ከፊቴ ያስቀምጣሉ፤ የእኔን ሲኒ ያለ ስኳር ይቀዳሉ፤ ሌላ ሰው «በሞቴ» ሊለኝ ሲጀምር «ተዋት፣ የልጆች እናት ናት» ይላሉ።